ጥያቄን ወደ በጀት መለወጥ፦ ለተማሪዎች ምርምር የገንዘብ ድጋፍ አጠያየቅ

መግቢያ

ለተማሪዎች ምርምር የሚቀርቡ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻዎችን ከባልደረቦቻችን ጋር ስንገመግም ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሥራ ደጋግመን የታዘብነው ነገር ቢኖር፣ ጥሩ ጥያቄ ማንሣትና ጥሩ ማመልከቻ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን ነው። አንዳንዱ ተማሪ መልካም ሐሳብ እያለው በወረቀት ላይ ማስፈር ይሳነውና ድጋፉን ሳያገኝ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ስለ ተፈጥሮ አንዳችም ጥያቄ ሳያነሣ ገንዘብ ብቻ ይጠይቃል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳዝነን የመጀመሪያው ነው፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ከተማሪው ጋር አብሮ ተመርቆ ይሄዳልና።

በዚህ ጽሑፍ የምርምር ዕቅድ፣ በተለምዶ ፕሮፖዛል የምንለው፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ አንድ ምሳሌ ይዘን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንመለከታለን። ምሳሌያችን በየቤቱ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ለሳይንስ ክበባቸው ድጋፍ ሲጠይቁ ይኸው አካሄድ እንደሚጠቅማቸው እናምናለን።

ገንዘቡ በምን መንገድ ይመጣል?

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር የሚመደብ በጀት አለ። የሚያስተዳድረው አካል ስያሜ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ጉዞው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ጥሪ ያወጣል፤ አመልካቹ ዕቅዱን ለትምህርት ክፍሉ ያቀርባል፤ የተመደቡ ገምጋሚዎች ያዩታል፤ ያለፈው ዕቅድ ውል ተፈርሞበት ወደ ፋይናንስ ይሄዳል። ተማሪ ብቻውን ውል የሚፈርምበት አጋጣሚ አነስተኛ በመሆኑ ኀላፊነቱን አብሮት የሚወስድ አማካሪ መምህር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቅጽ መሙላት ሳይሆን ጥያቄውን ይዞ የመምህርን በር ማንኳኳት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የትምህርት ዓመቱ ግን የሚጀምረው በመስከረም ወይም በጥቅምት ነው። በመሆኑም ጥሪው ወጥቶ፣ ግምገማው ተጠናቆ፣ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ ተማሪው በእጁ የሚቀረው ጊዜ ከሚያስበው ያጠረ ነው። በአግባቡ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ሰኔ ሲያልቅ ሊመለስ ይችላል። ዕቅዱን ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ማሰብ የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

ርእስ ጥያቄ አይደለም

ከሚቀርቡልን ማመልከቻዎች መካከል ብዙዎቹ «የኢትዮጵያን የኀይል ችግር ስለ መፍታት» የሚል ዐይነት ርእስ አላቸው። ይህ ምኞት እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የምንለው በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ መሣሪያ፣ ሊለካ የሚችል መልስ ያለውን ነው።

ጥሩ ጥያቄ ከታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ብቻ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ የታንዛንያ ተማሪ በትምህርት ቤቱ አይስክሬም ሲያዘጋጅ ያፈላውን ወተት ሳያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው። የእርሱ ትኩስ ወተት ሳይፈላ ከገባው የጓደኛው ወተት ቀድሞ በረዶ ሆነ። መምህሩን ቢጠይቅ ተሳስተሃል ተባለ። ዴኒስ ኦዝበርን የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በኋላ ወደ ገባበት ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ አነሣ። ጓደኞቹ ሣቁበት። እንግዳው ግን ወደ ዳሬሰላም ሲመለሱ ነገሩ በቤተ ሙከራ እንዲሞከር አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለቱ በጋራ ጽሑፍ አሳተሙ። ክስተቱ ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል። ለእኛ ቁም ነገሩ ተማሪው ጥያቄውን ግልጽና ሊሞከር የሚችል አድርጎ ማቅረቡ ነው፦ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ፈሳሾች፣ አንዱ ትኩስ አንዱ ቀዝቃዛ፣ የትኛው ቀድሞ ይረጋል?

ከአገራችንም ምሳሌ አናጣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና «እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላልን?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ተነሣ። ሥራው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ልብስ አጣቢዎቹን ብዙ ሰው አይቷቸዋል፤ በውሃው ላይ ያለውን ለውጥ አስተውሎ ወደ ጥያቄ የለወጠው ግን አንድ ነው።

ምሳሌያችን፦ ምጣዱ ኀይሉን ወዴት ያደርሰዋል?

አንድ ተማሪ እናቱ እንጀራ ሲጋግሩ ተመልክቶ «የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኀይል ያባክናል» የሚል ሐሳብ መጣለት እንበል። ይህን ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ከገንዘብ በፊት እርሳስና ወረቀት ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች የምንወስዳቸው ቁጥሮች ለግምት ያህል ብቻ ናቸው።

ለአንድ እንጀራ ግማሽ ኪሎ ግራም ሊጥ ይፈስሳል፤ ሲበስልም 0.1 ኪሎ ግራም ውሃ በእንፋሎት ይወጣል ብንል፣ በመጀመሪያ ሊጡ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወደ መፍያ ነጥብ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በጣም ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሊጡን እንደ ውሃ ቆጥረን 0.5 በ4.2 በ72 ብናባዛ 150 ኪሎ ጁል ያህል እናገኛለን። ለሚተነው ውሃ ደግሞ 0.1 በ2280፣ ማለትም 230 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። ድምሩ 380 ኪሎ ጁል ነው። ይህ ለአንዱ እንጀራ በእርግጥ የሚያስፈልገው ኀይል ግምት ነው።

አሁን ከቆጣሪው የሚወጣውን እንመልከት። ምጣዱ 3500 ዋት ቢሆንና አንዱ እንጀራ ሊጡ ከፈሰሰበት ጊዜ አንሥቶ ቀጣዩ እስኪፈስ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ 3500 በ180 ሰከንድ ሲባዛ 630 ኪሎ ጁል ይሆናል። በተጨማሪም ምጣዱ የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ለ15 ደቂቃ ቢሞቅ 3150 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ይህ የማሞቂያ ኀይል በእንጀራዎቹ ቁጥር ይካፈላል፦

5 እንጀራ ብቻ ቢጋገር ለእያንዳንዱ 1260 ኪሎ ጁል ይወጣል፤ ከዚህ ጠቃሚው 30 በመቶ ነው።
20 እንጀራ ቢጋገር ለእያንዳንዱ 790 ኪሎ ጁል ያህል ይወጣል፤ ጠቃሚው 48 በመቶ ነው።
40 እንጀራ ቢጋገር ለእያንዳንዱ 710 ኪሎ ጁል ያህል ይወጣል፤ ጠቃሚው 54 በመቶ ይሆናል።

ይህ የአንድ ገጽ ስሌት ሁለት ነገር አስተማረን። አንደኛ፣ ብክነቱ በምጣዱ አሠራር ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሚጋገረው እንጀራ ብዛትም ይወሰናል። ሁለተኛ፣ እንጀራው ስንት ቢበዛ በእነዚህ ቁጥሮች ከ60 በመቶ በላይ መሄድ አይቻልም፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ ምጣዱ ራሱ መሻሻል አለበት። እንግዲህ ጥያቄያችን ጠበበ፦ «ከምጣዱ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ ቢደረግ፣ 20 እንጀራ ለመጋገር የሚወጣው ኀይል በስንት በመቶ ይቀንሳል?» ይህ ሊለካ የሚችል ጥያቄ ነው። መላ ምታችንም ቢያንስ 10 በመቶ ይቀንሳል የሚል ይሁን፤ ምጣዱ ቶሎ ይሞቃል፣ እንጀራውም ቶሎ ቶሎ ይበስላል ብለን ስለምንጠብቅ ነው።

ዘዴው በጀቱን ይወልዳል

ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚፈልጉትን ዕቃ ይዘረዝሩና በኋላ ዘዴውን ከዕቃው ጋር ለማስማማት ይሞክራሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ ወጪ ከዘዴው መውጣት አለበት።

ስንት ጊዜ እንለካ? በተመሳሳይ ሁኔታ የተደረጉ ጋገራዎች እርስ በርስ በ8 በመቶ ያህል የሚለያዩ ቢሆን፣ 4 ጊዜ ለክተን የምናገኘው አማካይ 8 ለ2 ሲካፈል፣ ማለትም 4 በመቶ ያህል ያወላውላል፤ ማወላወሉ የሚቀንሰው በመለኪያዎቹ ቁጥር ዳግም ዘር ልክ ነውና። የሁለት አማካዮች ልዩነት ደግሞ በ5.7 በመቶ ያወላውላል። በሳይንስ ልማድ ልዩነቱ ከዚህ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ከ11 በመቶ ካልበለጠ አንተማመንበትም። የምንፈልገው 10 በመቶ ስለሆነ 4 ጊዜ መለካት አይበቃም። በየዐይነቱ 8 ጊዜ ብንለካ ግን ሁለት እጥፉ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል፤ ይበቃናል። ስለዚህ 8 ጊዜ ንጣፍ ባለው፣ 8 ጊዜ ንጣፍ በሌለው ምጣድ፣ በድምሩ 16 ጋገራ ያስፈልጋል።

በምን እንለካ? ብዙ አመልካቾች እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያ ይጽፋሉ። አንድ ሙሉ ጋገራ 3150 ሲደመር 20 ጊዜ 630፣ ማለትም 15750 ኪሎ ጁል ወይም 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ተራ ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፎበታል። ቁጥሩ 1600 ቢሆን እያንዳንዷ ብልጭታ 2.25 ኪሎ ጁል ናት፤ ሙሉው ጋገራ 7000 ብልጭታ፣ የምንፈልገው ልዩነትም 700 ብልጭታ ይሆናል። እንግዲህ ተራው ቆጣሪ ከበቂ በላይ ነው። ገምጋሚ እንዲህ ያለ ስሌት ሲያይ አመልካቹ ገንዘቡን እንደ ራሱ ገንዘብ እንደሚጠብቅ ይረዳል።

ምን ሊያሳስተን ይችላል? የመስመሩ ቮልቴጅ ከ220 ወደ 200 ቢወርድ ምጣዱ በየሰከንዱ የሚወስደው ኀይል በ17 በመቶ ይቀንሳል፤ ኀይሉ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ነው። ይህ ከምንፈልገው ልዩነት ይበልጣል! ስለዚህ ሁለቱን ዐይነት ጋገራ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት እያፈራረቁ ማካሄድ፣ ቮልቴጁንም በየ5 ደቂቃው መመዝገብ ግድ ነው። ጋጋሪዋም አንድ ሰው ቢሆኑና ንጣፉ ያለው የትኛው ምጣድ እንደሆነ ባያውቁ ይመረጣል፤ እንጀራው መብሰሉን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸውና።

በጀቱን በሐቀኝነት መጻፍ

ከላይ ካየነው የሚከተለው የወጪ ዝርዝር ይወጣል፦

1ኛ. የጤፍ ዱቄት። 16 ጋገራ በ20 እንጀራ 320 እንጀራ ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት 5 እንጀራ ቢወጣ 64 ኪሎ ዱቄት ያስፈልጋል። ይህ ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ምግብ ቤት ጋር ተስማምተን የእነርሱን ሊጥ ብንጋግርና እንጀራውን ብንመልስ ወጪው ወደ ዜሮ ይወርዳል። የስምምነት ደብዳቤው ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።

2ኛ. ሁለት ተመሳሳይ ምጣዶችና ሁለት ቆጣሪዎች።

3ኛ. የንጣፍ ቁስ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኘው ፑሚስ ድንጋይ ክብደቱ ቀላል፣ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙም ዝቅተኛ ስለሆነ ሊሞከር ይችላል። አስቤስቶስ ያለበት ቁስ ግን ለጤና አደገኛ በመሆኑ ፈጽሞ አይገባም።

4ኛ. የሙቀት መለኪያ ቴርሞካፕል። መልቲ ሜትርና ሚዛን ከትምህርት ክፍሉ ቤተ ሙከራ በውሰት ይገኛሉ። ዋጋቸው ዜሮ ቢሆንም በዝርዝሩ ውስጥ መጻፍ አለባቸው፤ ትምህርት ክፍሉ ምን እንዳዋጣ ያሳያሉ።

5ኛ. የጋጋሪዋ የሥራ ክፍያ። ይህን መስመር ብዙ ጊዜ ተረስቶ እናገኘዋለን። ለኮምፒዩተር የተሟላ በጀት ጽፎ ሙያውን ላበረከተችው ሴት አንድ ብር አለመመደብ የሳይንስ ጉድለትም የፍትሕ ጉድለትም ነው።

6ኛ. ትራንስፖርት፣ ኅትመትና መጠነኛ መጠባበቂያ።

ለእያንዳንዱ የሚገዛ ዕቃ ዋጋውን ከአእምሮ አንጻፍ። ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ወስደን ቀኑን ጭምር ማስፈር ይገባናል፤ ዋጋ በጥቂት ወራት ሊለወጥ ይችላልና። ገምጋሚዎች ይቀንሱታል በሚል ፈሊጥ ዋጋን አስቀድሞ ማናርም ጎጂ ልማድ ነው። አንዱ መስመር ተጋንኖ ከተገኘ ገምጋሚው የቀሩትንም መስመሮች መጠራጠር ይጀምራል።

የጊዜ ሰሌዳ

ሰሌዳው ከሰኔ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ቢዘጋጅ መልካም ነው። የመጨረሻው ዘገባ በግንቦት ይጠናቀቅ ካልን፣ ትንተናው በሚያዝያ፣ ጋገራው በየካቲትና በመጋቢት፣ ግዥው ከታኅሣሥ ጀምሮ መሆን አለበት። በሳምንት ሁለት ጋገራ ቢደረግ 16ቱ በ8 ሳምንት ያልቃሉ። የመብራት መቋረጥና የፈተና ሳምንት ስለሚኖር ቢያንስ 2 ሳምንት እንጨምር። ሰሌዳው ላይ መጠባበቂያ ሳምንት የሌለው ዕቅድ የአገሩን ሁኔታ ያላገናዘበ ዕቅድ ነው።

ገምጋሚው ምን ይፈልጋል?

ገምጋሚው ብዙ ማመልከቻ ከፊቱ የተከመረበት፣ ጊዜ ያጠረው ሰው ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አምስት መልሶችን ይፈልጋል፦ ጥያቄው ምንድን ነው? መልሱ ለማን ይጠቅማል? እስካሁን ምን ይታወቃል? እንዴት ይለካል? ለምን ይህን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል? እነዚህ በአንድ ገጽ ካልተገኙ የቀረው ሃያ ገጽ አያድነውም። ማመልከቻውን ከማስገባታችን በፊት የእኛን የትምህርት ዘርፍ ለማያውቅ ጓደኛ ሰጥተን ጥያቄያችንን በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግረን እንጠይቅ። መናገር ካልቻለ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የጽሑፉ ነው።

ዕቅዱ ውድቅ ቢሆንስ?

በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስንማር ያቀረብነው የመጀመሪያ የድጋፍ ማመልከቻ ውድቅ ሆኖ ተመልሶልናል። አስተያየቱ አጭር ነበር፤ ምን ለመለካት እንዳሰብን ከጽሑፉ መረዳት እንዳልተቻለ ይገልጻል። ለሳምንታት ተቀየምን። ቅያሜው ሲበርድ ጽሑፉን እንደገና ብናነበው ገምጋሚው ትክክል ነበር፤ በአሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ አንድም የጥያቄ ምልክት አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሐሳብ በአምስት ገጽ፣ ከአንድ ጥያቄ ጋር አቀረብን፤ ተፈቀደልን።

እርግጥ ነው፣ ጥሩ ዕቅድም በገንዘብ እጥረት ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ የገምጋሚዎችን አስተያየት በጽሑፍ መጠየቅ፣ ያለ ገንዘብ ሊሠራ የሚችለውን ክፍል ለይቶ መጀመርና በሚቀጥለው ጥሪ ከመጀመሪያ ውጤት ጋር መመለስ ይበጃል። በምሳሌያችን ተማሪው በቤቱ ምጣድና በቤቱ ቆጣሪ ሁለት ጋገራ ለክቶ ቢመጣ፣ ማመልከቻው ከግምት ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል።

ድጋፉ ከተገኘ በኋላ

ገንዘብ መቀበል የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ደረሰኝ በየቀኑ ይሰብሰብ፤ መለኪያ በየሰዓቱ በማይፋቅ ቀለም በመዝገብ ይጻፍ። ንጣፉ ምንም ለውጥ ካላመጣም ያንኑ መዘገብ ይገባል። ልዩነት አለመገኘቱ በአግባቡ ተለክቶ ከቀረበ እውቀት ነው፤ የሚቀጥለው ተማሪ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ እንዳይደክምበት ይረዳዋል። ውጤቱን ለማስዋብ ቁጥር መለወጥ ግን የተሰጠንን ገንዘብ ከመስረቅ ተለይቶ አይታይም።

ማጠቃለያ

የዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት የሕዝብ ገንዘብ ነው። ምጣድ ገዝተው የመብራት ሂሳብ የሚከፍሉት እናቶች ከግብራቸው ያዋጡት ነው። ስለዚህ ማመልከቻ መጻፍን እንደ ልመና ልንመለከተው አይገባም። ማመልከቻ ለሕዝቡ የምንሰጠው ቃል ነው፦ ይህን ጥያቄ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ወጪ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ እንመልሳለን የሚል። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ገንዘቡን ማግኘት ይቀልላል፤ ገንዘቡ ቢዘገይ እንኳ ጥያቄው በእጃችን ይቆያል።

መልመጃ

ሀ. ምጣዱ ከመጀመሪያው ሊጥ በፊት ለ10 ደቂቃ ብቻ ቢሞቅ፣ 20 እንጀራ ሲጋገር ጠቃሚው ኀይል ስንት በመቶ ይሆናል?

ለ. የጋገራዎቹ ልዩነት 8 ሳይሆን 12 በመቶ ቢሆን፣ የ10 በመቶ ቅናሽን ለመለየት በየዐይነቱ ስንት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል? በጀቱስ በምን መጠን ያድጋል?

ሐ. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ያስተዋላችሁትን አንድ ነገር መርጣችሁ ሊለካ ወደሚችል ጥያቄ ለውጡት። አንድ ገጽ አይበልጥ። ከዚያም የመምህራችሁን በር አንኳኩ።